ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ኢምፕላንቱ መቼ ይተከል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ዕድሜዬ 44 ነው። ከላይ ከፊት ካሉት ሁለት ትልልቅ ጥርሶቼ አንዱ ከዓመታት በፊት የነርቭ ሕክምና ተደርጎለት ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ገብቶለታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ድዴ ላይ ብጉር የምትመስል ነገር ትወጣለች፣ ትፈነዳለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። እዚህ ያየኝ ሐኪም ሥሩ ተሰንጥቋል፣ ይነቀል፣ ኢምፕላንቱን (አጥንት ውስጥ የሚገባውን ሰው ሠራሽ ሥር) ከሁለት ወር በኋላ እንተክላለን አለኝ። ጥር ላይ ለአራት ሳምንት አዲስ አበባ እመጣለሁ። እዚያ የጠየቅኩት ክሊኒክ ደግሞ በአንድ ቀን ነቅለን፣ ተክለን፣ ጥርስ አስገብተንልሽ ትሄጃለሽ አለኝ። ጓደኛዬ የጠበቀችው ስድስት ወር ነው። ማንን ልመን? ሁለት ወር ጠብቂ የሚሉኝ ሁለቴ ለማስከፈል ነው እንዴ? እግረ መንገዴን ስለ እናቴም ልጠይቅ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ከተነቀለ ቆይቷል። ለአጥንት መሳሳት በየስድስት ወሩ መርፌ ትወጋለች። አብራኝ ብታስተክልስ?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። አጭሩን መልስ ላስቀድም።

አፍዎን ሳላይ የመጨረሻ ቃል መስጠት አልችልም። በነገሩኝ ምልክት ከሄድኩ ግን ለእርስዎ ጥርስ የአንድ ቀኑን ሥራ አልመርጥም። ቨርጂኒያ ያስነቅሉ። ድዱ ይዘጋ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ አበባ ይድረሱ፤ ኢምፕላንቱ ያኔ ይተከል። የመጨረሻው ክራውን በዚያው ጉዞ አይደርስም፤ ይህን ከአሁኑ ይወቁት።

አሁን ወደ ምክንያቱ።

ሦስት ሰው ሦስት ነገር ነገረዎት እንጂ የዋሸዎት የለም። በእኛ ሙያ ኢምፕላንት የሚተከልበት ጊዜ በአራት ይከፈላል። አንደኛው ጥርሱ በተነቀለበት ዕለት ነው። ሁለተኛው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ ድዱ ተዘግቷል፣ አጥንቱ ግን ገና ነው። ሦስተኛው ከ12 እስከ 16 ሳምንት ነው፤ ጉድጓዱ በከፊል በአጥንት ተሞልቷል። አራተኛው ከ6 ወር በኋላ ነው፤ ቦታው ሙሉ በሙሉ ድኗል። የቨርጂኒያው ሐኪም ሁለተኛውን፣ የአዲስ አበባው ክሊኒክ አንደኛውን፣ ጓደኛዎ አራተኛውን ነው የነገሩዎት። አራቱም በዓለም ዙሪያ በየቀኑ የሚሠራባቸው ናቸው። ስለዚህ "ማንን ልመን?" የሚለውን ይተዉትና "የእኔ ጉድጓድ የትኛውን ይፈልጋል?" ብለው ይጠይቁ።

ድሮ ምርጫ አልነበረም። የዛሬውን ኢምፕላንት ለዚህ ያበቃው ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጥንቸል አጥንት ላይ ሲመራመር ቲታኒየም የሚባለው ብረት ከአጥንት ጋር ተዋህዶ እንደሚቀር አየ። የመጀመሪያውን ታካሚ ያከመው በ1965 ነው። የዚያ ዘመን ደንብ ጥብቅ ነበር። ከተነቀለ በኋላ ቦታው እስኪድን ወራት ይጠበቃል። ከተተከለ በኋላ ደግሞ ድዱ ከላዩ ላይ ይሰፋና ለታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ ለላይኛው 6 ወር ይጠበቃል። በ1970ዎቹ ጀርመን ቱቢንገን ውስጥ ቪልፍሪድ ሹልተ የሚባል ሐኪም በዚያው በተነቀለው ጉድጓድ ውስጥ ወዲያው መትከል ጀመረ። እንግዲህ "በአንድ ቀን" የሚባለው ነገር ትናንት የመጣ ማስታወቂያ አይደለም። ዕድሜ ያለው፣ በቦታው ሲሆን የሚያምር ሥራ ነው። ቦታው ሳይሆን ሲቀር ነው ጣጣው።

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙም ይረጋል። በመጀመሪያው ሳምንት የረጋውን ደም ለስላሳ አዲስ ሥጋ መተካት ይጀምራል። ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት ከታችና ከጎን ለጋ አጥንት ይመጣል። ይህ ለጋ አጥንት ጠንክሮ እንደ ሌላው አጥንት እስኪሆን ወራት ይፈጃል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደስ ይላል።

ግን ጉድጓዱ ከውስጥ እየሞላ ከውጭ ይከሳል። የላይኛው የፊት ጥርስ በከንፈር በኩል ያለው የአጥንት ግድግዳ በጣም ስስ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያ ግድግዳ አብዛኛውን ደሙን የሚያገኘው ሥሩን ከአጥንቱ ጋር ከሚያያይዘው ስስ ጅማት ነው። ጥርሱ ሲወጣ ጅማቱም አብሮ ይሄዳል። ግድግዳው ያለ ቀለብ ይቀራል፤ ይሟሟል። በጥናት እንደታየው አንድ ጥርስ ከተነቀለ በአንድ ዓመት ውስጥ የአጥንቱ ስፋት ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ከዚህ ቅነሳ ሁለት ሦስተኛው የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ ሌላ ሥራ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ በአማካይ 3.8 ሚሊ ሜትር ከስፋት፣ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ከቁመት እንደሚጠፋ ያሳያል። 3.8 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ኢምፕላንቱ ራሱ ግን የፊት ጥርስ ላይ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ4 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። "ወዲያው ከተተከለ አጥንቱ አይቀንስም" ይባላል። ሐኪሞችም ሲሉት እሰማለሁ። ልክ አይደለም። ግድግዳው የሚኖረው ለጥርሱ ሥር እንጂ ለቲታኒየም አይደለም። ብረቱ ኖረም አልኖረም ስሱ ግድግዳ መቀነሱ አይቀርም። ኢምፕላንቱ ወደ ከንፈር ተጠግቶ ከተተከለ ድዱ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ላይ ይሸሻል። ጥርሱ ከጎረቤቱ ረዝሞ ይታያል። አንዳንዴ ግራጫ ጥላም ከድዱ ሥር ብቅ ይላል። መንጋጋ ጥርስ ላይ ቢሆን ማንም አያየውም። የፊት ጥርስ ላይ ግን በሳቁ ቁጥር ነው።

ወደ እርስዎ ጥርስ ልምጣ።

ያቺ ሄዳ የምትመለስ ብጉር የመግል መውጫ ናት። የተሰነጠቀ ሥር ባክቴሪያን በስንጥቁ ርዝመት ሁሉ ያስገባል። አጠገቡ ያለው አጥንት ይበላል። በአብዛኛው የሚበላው ደግሞ ያ ስሱ የከንፈር በኩል ግድግዳ ነው። የቨርጂኒያው ሐኪም ስንጥቅ መሆኑን ያወቀው በቀጭኗ መለኪያ ሊሆን ይችላል። በጥርሱ ዙሪያ ድዱን ስንለካ ሁሉም ቦታ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይሆንና አንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ መለኪያዋ ድንገት ወደ ውስጥ ትሰምጣለች። 8፣ 9፣ 10 ሚሊ ሜትር። እንዲህ ሲሆን ከዚያ ነጥብ ጀርባ አጥንት የለም ብለን እንጠረጥራለን።

አንቲባዮቲክ ወስደው ብጉሯ ብትጠፋ አይታለሉ። ስንጥቁ እስካለ ትመለሳለች። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን እየገዙ ወራት የሚያራዝሙ ሰዎች አሉ። በየወሩ የሚጠፋው ግን የራሳቸው አጥንት ነው።

ግድግዳው በተበላ ቦታ ላይ በዚያው ቀን ኢምፕላንት ብንተክል የከንፈር በኩል ገጹ የሚደገፍበት የለውም። አጥንት እንጨምር ብንልስ? ይቻላል። ግን የጨመርነውን ሸፍኖ የሚዘጋ ድድ የለም፤ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል። ድዱን ከላይ ስበን ካላመጣነው አይዘጋም። ስንስበው ደግሞ የድዱ መስመር ይዛባል። በዚህ ላይ ቦታው መግል የነበረበት ነው።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ያው ቦታ ሌላ ነው። ቀዳዳው ተዘግቶ ሮዝ ወይም ጠይም ጤነኛ ድድ ሸፍኖታል። መግሉ ምንጩ ስለሄደ ደርቋል። በፊት ክፍት የነበረው ቦታ ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር አዲስ ድድ ተገኝቷል። ይህ ለእኛ ወርቅ ነው፤ ስንሰፋ የምንጎትተው ነገር አለን ማለት ነው። ድዱን ከፍተን ኢምፕላንቱን ትንሽ ወደ ላንቃ በኩል አዘንብለን እናስቀምጣለን። በከንፈር በኩል የጎደለውን በአጥንት ብናኝ እንሞላለን። ብናኙን በስስ ሽፋን እንሸፍናለን። ያለ ጉተታ እንሰፋለን። በዚህ ጊዜ አጥንቱ መክሳት ቢጀምርም ብዙ አልሄደም። ስድስት ወር ቢቆይ ግን ድዱ ያው ነው፤ አጥንቱ ነው የሚሳሳው። ለዚህ ነው እንደ እርስዎ ላለ ጥርስ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ያለው መስኮት የሚመረጠው።

ታዲያ የአንድ ቀኑ ሥራ ለማን ነው? የከንፈር በኩል ግድግዳው ሙሉ ለሆነ፣ ውፍረቱም 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ። ድዱ ወፍራም ለሆነ። መግል ለሌለው። ከሥሩ ጫፍ በላይ ኢምፕላንቱን አጥብቆ የሚይዝ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር አጥንት ላለው። ለምሳሌ ወድቆ ጥርሱ ከድዱ እኩል የተሰበረበት፣ ሥሩ ግን ንጹሕ የሆነ ወጣት። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ እኔም በደስታ በዚያው ቀን እተክላለሁ። ጊዜያዊ ጥርስ ማስገባትም ይቻላል፤ ግን ኢምፕላንቱ ተጠምዝዞ ሲገባ የሚይዝበት ኃይል 35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር (የመጠምዘዣ ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ መድረስ አለበት። ጊዜያዊ ጥርሱም ሲነክሱ ከታችኛው ጋር እንዳይገናኝ ይደረጋል። ለፎቶ እንጂ ለመብላት አይደለም።

የአዲስ አበባውን ክሊኒክ በአንዴ አልኮንነውም። ምናልባት "የፊት ጥርስ ይነቀላል" ብቻ ብለው ጽፈውላቸው ይሆናል። ስንጥቁንና ብጉሯን ይንገሯቸው። የመንጋጋዎን ሲቲ ስካን (ባለ ሦስት አቅጣጫ ራጅ) ይላኩላቸው። ይህን አይተው ሐሳባቸውን ከቀየሩ ጥሩ ክሊኒክ ነው። "ችግር የለም፣ እኛ እናውቀዋለን፣ ዝም ብለሽ ነይ" ካሉ ግን ሌላ ይፈልጉ። ምስል ሳያይ ቀን የሚቆርጥ ሐኪም አልወድም። በነገራችን ላይ ሲቲውም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። የነርቭ ሕክምናው መሙያና የክራውኑ ብረት ምስሉን ያንጸባርቁታል፤ ቀጭን ስንጥቅ ይሰወራል። እርግጡ የሚታወቀው ጥርሱ ወጥቶ ግድግዳው ሲፈተሽ ነው።

የገንዘቡን ነገር በግልጽ ልናገር። አዎ፣ በሁለት ጊዜ ሲሆን ቀጠሮው ይበዛል፣ ክፍያውም በተወሰነ ደረጃ ሊጨምር ይችላል። ግን ሁለቴ ለማስከፈል የተፈጠረ አይደለም። መነቀሉን በየትኛውም መንገድ ይከፍላሉ። የአጥንት ብናኙም በየትኛውም መንገድ አይቀርም። ውድ የሚሆነው የተበላሸ የፊት ኢምፕላንት ነው። እሱን ማውጣት፣ አጥንት መገንባት፣ ወራት መጠበቅ፣ እንደገና መትከል። ከዚያም በኋላ ድዱ እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል። ስድስት ወር ጠብቂ የሚሉት ሐኪሞችም ሌቦች አይደሉም። አንዳንዶቹ ምክንያት አላቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሲማሩ እንደዚያ ስለተነገራቸው ብቻ ነው።

አሁን ቀኑን እናስላ። ጥር መጀመሪያ ላይ የሚመጡ ከሆነ በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ያስነቅሉ። ከኅዳር 12 እስከ ጥር 1 ልክ ሰባት ሳምንት ነው። አዲስ አበባ እንደደረሱ በመጀመሪያው ሳምንት ይተከልልዎት እንጂ ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። ከመብረርዎ በፊት አንድ ጊዜ ደግሞ ይታያሉ። ችግር ካለ የተከለው ሰው እዚያው እያለ ነው መታየት ያለበት። አራት ሳምንት ለዚህ ይበቃል።

ለሚነቅለው ሐኪም የሚነግሩት ነገር አለ። "ኢምፕላንት ስለሚተከልበት ግድግዳውን ተጠንቀቅልኝ" ይበሉት። ሥሩ በቀጫጭን መሣሪያ ቀስ ተብሎ ከጅማቱ ተላቆ ይወጣል እንጂ እየተነቀነቀ አይፈለቀቅም። ካስፈለገ ለሁለት ተቆርጦ ይወጣል። ሌላም አለ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ጉድጓዱን በሁለት ጣት ጨመቅ ማድረግ የብዙ ሐኪም የቆየ ልማድ ነው። ኢምፕላንት በሚጠብቀው ቦታ ላይ ይህ አይደረግም፤ የቀረውን ግድግዳ ያደቀዋል። መጨረሻ ላይ ግድግዳውን በመለኪያ ይፈትሽና ምን ያህል እንደጎደለ ይጻፍልዎት። ያቺ አንዲት መስመር አዲስ አበባ ላለው ሐኪም ትልቅ ነገር ናት።

ጉዞው ተራዝሞ ለፋሲካ ወይም ለክረምት ቢሆንስ? ያኔ ሐሳቡ ይቀየራል። በተነቀለበት ቀን ጉድጓዱ ውስጥ የአጥንት ብናኝ አስሞልተው ያስጠብቁት። መቀነሱን ሙሉ በሙሉ አያቆመውም፣ ግን ያለዝበዋል። ዋጋው መጠበቅ ነው፤ ብናኝ የተሞላበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። ጥር ላይ የሚመጡ ከሆነ ግን አያስሞሉት። ብናኙ ገና ሳይያዝ ነው የሚደርሱት።

ስለ ብናኙ ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ሰው ሳይነገረው የሚያልፍ ጉዳይ አለ። ብናኙ በብዛት የሚሠራው ከከብት አጥንት ነው። ከሰው ለጋሽ የሚመጣም፣ በፋብሪካ የሚሠራም አለ። ከላይ የሚሸፈንበት ስስ ሽፋን ግን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ኮላጅን ነው የሚሠራው። ኦርቶዶክስም ሆነ ሙስሊም ታካሚ ይህን በኋላ ሰምቶ ሲደነግጥ አይቻለሁ። ከከብት የሚሠራም ስላለ ቀድመው ይጠይቁ። ነውር የለውም፤ ሐኪሙ ነው ሳይጠየቅ መናገር የነበረበት።

እነዚያን ሰባት ሳምንታት ጥርስ አልባ አይሆኑም። ከጎረቤት ጥርሶች ጋር በሙጫ የሚያያዝ ጊዜያዊ ጥርስ አለ። የሚወጣና የሚገባም አለ። እንደ ቅርጽ መያዣ ላስቲክ ሆኖ ጥርሶቹን ሁሉ የሚሸፍንም አለ። የትኛውም ይሁን ቁስሉን መጫን የለበትም። የሚወጣውን ዓይነት ከመረጡ ጥምቀት ላይ ሲዘፍኑ እንዳይወድቅብዎት እንጂ ሌላ ስጋት የለውም።

ድድዎ የተነቀሰ ከሆነ ይህንንም ያንሱ። የተነቀሰ ወይም በተፈጥሮ የጠቆረ ድድ ሲቆረጥ የስፌቱ መስመር ፈዘዝ ብሎ ሊታይ ይችላል። ከላንቃ ተቆርጦ የሚለጠፍ ድድ ደግሞ ሮዝ ነው፤ ከጎረቤቱ ይለያል። ሐኪሙ ቀድሞ ካወቀ ቢላውን ሌላ ቦታ ያሳርፋል። ሲስቁ ድድዎ የሚታይ ሰው ከሆኑ ደግሞ የበለጠ።

ከተተከለ በኋላ ያለውን ጊዜ ሰዎች በተገላቢጦሽ ነው የሚረዱት። የመጀመሪያው ቀን በጣም ደካማው ይመስላቸዋል። አይደለም። አዲስ የተተከለ የአጥር እንጨት ሲጠቀጠቅ ጥብቅ እንደሚለው ኢምፕላንቱም በዕለቱ የሚይዘው በጥብቀቱ ነው። ከዚያ ሰውነት በዙሪያው ያለውን የተጎዳ አጥንት ማንሳት ይጀምራል። አዲሱ አጥንት ደግሞ ገና አልደረሰም። በዚህ ምክንያት በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ይዞታው ይላላል። ሕመሙ የጠፋው፣ እብጠቱ የወረደው፣ ሰውም "ድኛለሁ" ብሎ ቆሎ የሚጨብጠው በዚያው ሰሞን ነው። የእርስዎ የዕረፍት ጊዜ ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ይወድቃል። ዘመድ ቤት፣ ጥብስ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ዳቦ ቆሎ። በፊት ጥርስ ሥጋ መግመጥ ክልክል ነው። ሽሮ፣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ በወጥ የራሰ እንጀራ እንደልብ። ቆሎውን በሌላ ዓመት ይመለሱበት።

ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ከመነቀሉ በፊት ጀምረው ያቁሙ፤ ኢምፕላንት እንዲወድቅ ከሚያደርጉት አንዱ ነው። ጫትም ቢሆን ቁስሉ እስኪድን ይቆይ። ቅጠሉ ስፌቱ ላይ ይገባል፣ ማኘኩ ለሰዓታት ይቆያል፣ አብሮትም ሲጋራ አይጠፋም። ስኳር ካለብዎ የደም ስኳርዎን የሦስት ወር አማካይ ምርመራ (HbA1c) ይዘው ይምጡ። ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ አብዛኞቻችን መጀመሪያ ይስተካከል እንላለን። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ አያቋርጡ፤ ለሐኪሙ ብቻ ይንገሩ።

ከተተከለ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ፣ አጥንት ስለተጨመረበት ምናልባት ትንሽ ዘግይቶ፣ ቨርጂኒያ ላይ ድዱ ይከፈታል። መጀመሪያ ጊዜያዊ ክራውን ይገባል፤ ድዱን ቅርጽ የሚያስይዘው እሱ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመጨረሻው ይሠራል። እዚህ ላይ ብዙ የውጭ ታካሚ ይቸገራል። ኢምፕላንቱ አገር ቤት የተተከለ ሰው አሜሪካ ሲሄድ ሐኪሙ "ይህ የማን ሥሪት ነው? ብሎኑ የትኛው ነው?" ይለዋል። መልስ የለም። የአንዱ ኩባንያ ዕቃ ለሌላው አይገጥምም። ስለዚህ ከክሊኒኩ ሳይወጡ የኢምፕላንቱን ካርድ ይቀበሉ። ሥሪቱ፣ ሞዴሉ፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የማሸጊያው ተለጣፊ ቁጥር ይኑርበት። ከተተከለ በኋላ የተነሳውን ራጅም ይውሰዱ። ከዚያም በፊት፣ ቲኬት ሳይቆርጡ፣ የቨርጂኒያውን ሐኪም "ሌላ ሰው የተከለውን ክራውን ታደርግልኛለህ? የትኛውን ሥሪት ትሠራለህ?" ብለው ይጠይቁት። ሌላ ሰው የተከለውን መንካት የማይፈልግ ሐኪም ብዙ ነው። አልነካም ካለ ሁሉንም እሱ ዘንድ መጨረስ ወይም አዲስ አበባ ሁለተኛ ጉዞ ማሰብ ነው ያለዎት።

የእናትዎ ነገር ሌላ ነው። የእሳቸው ጥርስ ከተነቀለ ቆይቷል፤ "መቼ" የሚለው ጥያቄ አልፎበታል። የቀረው "ምን ያህል አጥንት ቀርቷል?" የሚለው ነው። በሲቲ ይለካል። ታች ባለው አጥንት ውስጥ ወደ ከንፈርና አገጭ የሚሄድ ነርቭ ያልፋል፤ በኢምፕላንቱና በነርቩ መካከል ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት። ከላይ ያለው ጥርስ ተቃራኒ አጥቶ ወደ ታች ወርዶ ከሆነ ለክራውኑ ቦታ ሊጠብ ይችላል። ጎረቤት ጥርሶችም ወደ ክፍተቱ አጋድለው ይሆናል። ይህ ሁሉ ታይቶ ነው የሚወሰነው።

በየስድስት ወሩ የሚወጉት መርፌ ዴኖሱማብ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ስሙን ከሐኪማቸው ወረቀት ላይ ያረጋግጡ። ይህ ዓይነቱ መድኃኒት አልፎ አልፎ መንጋጋ ላይ ቀዶ ጥገና ሲደረግ ቁስሉ አልድን ብሎ አጥንቱ ተጋልጦ እንዲቀር ያደርጋል። ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን አደጋው ትንሽ ነው። ለካንሰር በሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ግን ይበዛል። አደጋው ትንሽ ነው ማለት የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ የጥርስ ሐኪሙና መርፌውን ያዘዘው ሐኪም ተነጋግረው ሥራው ከመርፌ እስከ መርፌ ባለው ጊዜ የትኛው ላይ እንደሚሻል ይወስኑ።

አንድ ነገር ግን እንዳያደርጉ። "ለጥርሴ ብዬ መርፌውን ልዝለለው" እንዳይሉ። ዴኖሱማብ ሲቋረጥ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል፤ የጀርባ አጥንት መሰባበር ያጋጠማቸው አሉ። የመርፌው ቀን በጉዞው መሃል የሚወድቅ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ የት እንደሚወጉት ከወዲሁ ያዘጋጁ። ኢምፕላንቱ ካልሆነም ብሪጅ (ከጎረቤት ጥርሶች ጋር ተያይዞ የሚቀር ጥርስ) ወይም የሚወጣ ጥርስ አላቸው። በእሳቸው ዕድሜና መድኃኒት እኔ መጀመሪያ የማየው እነዚህን ነው።